የአጥንት ሆርሞንና የደም ስኳር፦ ከጎንደር አንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

«አጥንት ስኳር የሚያወርድ ሆርሞን ያመነጫል» የሚለው ወሬ ብዙ ደብዳቤ አስጽፏል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን።

«እናቴ ስኳር ከያዛት 12 ዓመቷ ነው። አጥንት የስኳር ሆርሞን አለው ሲባል በሬዲዮ ሰምታ ‹እንግዲህ መድኃኒቱ ከራሴ አካል ነው ማለት ነው› ትላለች። እኔ የተማርኩት አጥንት ሰውነትን እንደሚሸከም ብቻ ነው። ነገሩ እውነት ነው?» — ከአዘዞ

የሆርሞኑ ነገር እውነት ነው። «መድኃኒቱ» የሚለው ግን ገና አልተረጋገጠም።

አጥንት የደረቀ ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ሲፈርስና ሲገነባ ይኖራል። የፋሲል ግንብን የሚያድስ ግንበኛ ያረጀውን ኖራ ፍቆ ካላወጣ አዲሱ እንደማይይዝለት ያውቃል። በአጥንት ውስጥም እንዲሁ አፍራሽ ሕዋሳት አሮጌውን ይቦረቡራሉ፣ ገንቢ ሕዋሳት ጉድጓዱን ይሞላሉ። ገንቢዎቹ ኦስቲዮካልሲን የተባለ ፕሮቲን ይሠራሉ። ከ49 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሰካካ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ቫይታሚን ኬ በ3 ቦታ ላይ ለካልሲየም መያዣ የሚሆን መንጠቆ ይሠራለትና ኦስቲዮካልሲኑ ከአጥንቱ ማዕድን ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል።

አፍራሹ ሕዋስ ሥራውን ሲጀምር አጥንቱ ላይ እንደ ዋንጫ ተደፍቶ ዙሪያውን ያሽግና ከሥሩ አሲድ ያፈሳል። እዚያች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የአሲድ መጠኑ ፒኤች 4.5 ገደማ ይደርሳል፤ ይህም አጥንትን ለማሟሟት በቂ ነው። አሲዱ ማዕድኑን ሲያሟሟ የኦስቲዮካልሲኑንም መንጠቆ ይነቅላል። መንጠቆው የተነቀለው ኦስቲዮካልሲን ወደ ደም ይገባል፤ እንደ ሆርሞን የሚቆጠረውም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደዚሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጄራርድ ካርሰንቲ ቡድን ኦስቲዮካልሲን እንዳይሠሩ የተደረጉ አይጦች ስብ እንዳበዙ፣ ስኳራቸው ከፍ እንዳለና ኢንሱሊናቸው እንዳነሰ አሳየ። ሆርሞኑ ወደ ቆሽት ደርሶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያነቃቃል ማለት ነው። በ2010 ደግሞ የመልሱ መንገድ ተገኘ፤ ኢንሱሊን በተራው ገንቢ ሕዋሳቱን ይቀሰቅሳል፣ እነሱ አፍራሾቹን ያነሣሣሉ፣ ኦስቲዮካልሲን እንደገና ይለቀቃል። አጥንትና ቆሽት እንዲህ መልእክት ይለዋወጣሉ። ኦስቲዮካልሲን ብቻውንም አይደለም፤ በ2017 የስታቭሩላ ኩስቴኒ ቡድን ሊፖካሊን 2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ከአጥንት ወጥቶ አንጎል ድረስ በመሄድ የአይጦችን የምግብ ፍላጎት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እናትዎ ግን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ። በሰው ላይ ተሞክሮ የስኳር መድኃኒት ሆኖ የጸደቀ የኦስቲዮካልሲን ክኒን ወይም መርፌ የለም።

«ታዲያ ለምን በ2020 ‹ኦስቲዮካልሲን ከስኳር ጋር አይገናኝም› የሚሉ ጥናቶች ወጡ? ደሜ ውስጥ ያለውን ላስለካውስ?» — ተማሪ፣ ከማራኪ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በዚያ ዓመት ሁለት የተለያዩ ቡድኖች የየራሳቸውን ኦስቲዮካልሲን የሌላቸው አይጦች አዘጋጅተው ቢለኩ የስኳርም የኢንሱሊንም ለውጥ አላገኙም። የአይጦቹ ዝርያ፣ ቀለባቸውና ጂኑ የተቆረጠበት መንገድ ስለሚለያይ ክርክሩ አልተዘጋም። በሰው ላይ ያለው መረጃ በአብዛኛው የግንኙነት መረጃ ነው፤ ኦስቲዮካልሲናቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ስኳራቸው ከፍ ብሎ ይታያል። የቱ የቱን እንዳመጣ ግን ከዚህ ብቻ አይታወቅም። ስኳር ራሱ ገንቢ ሕዋሳትን ስለሚያዳክም ነገሩ ተገልብጦም ሊሆን ይችላል። በእኛ ግምት አጥንት በስኳር ላይ ጥቂት ድርሻ አለው፤ ስኳር በአጥንት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን እጅግ የጠነከረ ማስረጃ ያለው ስለሆነ ጭንቀታችንን ወደዚያ ብናዞር ይሻላል።

ኦስቲዮካልሲንን በማስለካት ገንዘብዎን አያባክኑ። ስኳር ያለበትንም የሌለበትንም አይለይም፤ ጠዋትና ማታ ይለያያል፣ ናሙናው ከቆየም ይበላሻል። የሚጠቅሙት የታወቁት ምርመራዎች ናቸው። ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበሉ በተወሰደ ደም 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ፣ ወይም የ3 ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ (ኤችቢኤ1ሲ) 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። ምልክት ከሌለዎት በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ከ100 እስከ 125 ያለው ጠርዝ ላይ የመቆም ምልክት ነው።

«በቅዳሜ ገበያ አካባቢ አጥንት እየገዛሁ መቅኒውን በቅቅል እጠጣለሁ፤ የአጥንቱ ሆርሞን ይገባል ብዬ ነው። ጎመንም አበዛለሁ። ልክ ነኝ?»

ቅቅሉ ይጣፍጣል፤ ሆርሞን ግን አይሰጥዎትም። ኦስቲዮካልሲን ፕሮቲን ነው፤ ለሰዓታት ሲፈላ ቅርጹ ይበላሻል፣ ያመለጠውንም ጨጓራና አንጀት እንደማንኛውም ሥጋ ይፈጩታል። ካልሲየሙም ከአጥንቱ ወደ ሾርባው የሚወጣው ጥቂት ነው። መቅኒ በአብዛኛው ስብ ስለሆነ ክብደት ለሚቀንስ ስኳር ሕመምተኛ አንመክረውም። ከጠጡም ሾርባውን አሳድረው ከላይ የረጋውን ስብ አንስተው ይጣሉ።

ጎመኑ ጥሩ ነው፤ በቫይታሚን ኬም በካልሲየምም የበለጸገ ነው። አንዳንዶች «ቫይታሚን ኬ መንጠቆውን ስለሚሠራ ሆርሞኑን ያሳንሳል» ብለው ጎመን ይሸሻሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ጎመን መብላት ስኳር ሲያመጣ አልታየም። ጥንቃቄ የሚያሻው ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ብቻ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ስለሆነ ለሳምንታት ጎመን ሳይቀምሱ ከርመው በጾም መግቢያ ድንገት በየቀኑ ከበሉ የመድኃኒቱ ኃይል ይወርዳል፣ ደምዎ ሊረጋ ይችላል። ጎመኑን አያቋርጡ፤ መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አያዛንፉ፣ ሲለውጡም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

«ለመገጣጠሚያ ሕመሜ ፕሬድኒሶሎን ከጀመርኩ ወዲህ ጠዋት ስለካ 105፣ 110 ነው፤ ማታ ግን አፌ ይደርቃል፣ ሽንት ያመላልሰኛል። መሣሪያዬ ተበላሽቶ ይሆን?»

መሣሪያዎ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ የለኩበት ሰዓት ነው ያታለለዎት። ጠዋት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን የሚያንረው ከምሳ በኋላና ወደ ማታ ነው፤ ሌሊቱን ኃይሉ ስለሚያልቅ ጠዋት ልኬቱ ያማረ ይሆናል። ከምሳ 2 ሰዓት በኋላና ከእራት በፊት ለ3 ቀን ለክተው ከነሰዓቱ ይጻፉና ለሐኪምዎ ያሳዩ። ከመውጋትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ ሙዝ ወይም ብርቱካን የላጠ ጣት ብቻውን ቁጥሩን ሊያንረው ይችላል።

ከአጥንት ሆርሞን ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ሲሆን አጥንት ገንቢ ሕዋሳትን ከሁሉ ቀድሞ ይመታል፤ በቀናት ውስጥ ኦስቲዮካልሲን ይወርዳል። በ2012 በወጣ የአይጥ ጥናት ኦስቲዮካልሲኑ በሌላ መንገድ ሲተካ ስቴሮይዱ ካመጣው የስኳር መዛባት በከፊል ተመልሷል። ዋናው ጉዳት ግን በጉበትና በጡንቻ በኩል የሚመጣው ነው። ከ3 ወር በላይ የሚወስድ ሰው ስለ አጥንቱም ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ የጀርባ አከርካሪ በዝምታ ሊሰበር ይችላል። ቁመትዎ ካጠረ ወይም ነጠላዎ ከወትሮው ረዘመብኝ ካሉ ይህ ምልክት ነው።

አንድ ነገር እንለምንዎ፤ መድኃኒቱን በገዛ እጅዎ በድንገት አያቁሙ። ከ3 ሳምንት በላይ ከተወሰደ በኋላ ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ቶሎ መሥራት አይችልም፤ የደም ግፊትና ስኳር ወርዶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ጉልበትዎ ላይ የሚወጉት የስቴሮይድ መርፌም ለጥቂት ቀናት ስኳር እንደሚያንር ይወቁ።

«በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት አልቀምስም። አጥንቴ አይጎዳም? እስከ 9 ሰዓት መጾምስ?»

ለአዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊግራም፣ ከ50 ዓመት በላይ ላሉ ሴቶች 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል። ወተት ሲቀር እሱን የሚሸፍን ነገር ማሰብ ያሻል። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 180 ሚሊግራም ገደማ አለ። ሊጡ በእርሾ 2 እና 3 ቀን ሲብላላ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል። ከመተማና ከአርማጭሆ የሚመጣው ሰሊጥ ከነልጣጩ አንድ የሾርባ ማንኪያ 90 ሚሊግራም ያህል ይዟል፤ ግን ልጣጩ ውስጥ ያለው በከፊል ብቻ ስለሚዋጥ ቆልተው፣ ወቅጠውና በጥብጠው መጠጣት ይበጃል፤ ስኳር ግን አይጨምሩበት። ጎመን ከቆስጣ ይመረጣል፤ ቆስጣ ካልሲየም ቢኖረውም ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ኦክሳሌት ያለበት ስለሆነ ሰውነት ብዙውን አያገኘውም።

ፀሐይ ለቫይታሚን ዲ ታስፈልጋለች። ቫይታሚን ዲ ስኳርን ይከላከላል ብለው በብዛት የሚገዙ ሰዎች ግን እንዲህ ይወቁ፤ በ2019 ውጤቱ በወጣ 2,423 ሰዎች በተካፈሉበት ሙከራ በቀን 4,000 ዩኒት ተሰጥቶ ስኳር የያዛቸውን ሰዎች ቁጥር በሚያስተማምን መጠን አልቀነሰም። ለአጥንት ሲያንስ ይወሰዳል፤ ለስኳር ብለው አይግዙት።

ስለ 9 ሰዓቱ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየቱ አደገኛ ነው፤ ከረፋድ ጀምሮ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድ አደጋው ትንሽ ነው። መጾም ከፈለጉ ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን ስለማታስጨንቅ ለንስሐ አባትዎ ሁኔታዎን ይንገሩ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም መደናገር ከመጣ፣ ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ ጾሙ ወዲያው ይቁም። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፣ ካልወጣ ይድገሙ፣ ከወጣ በኋላ ምግብ ይብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

«አያቴ በማለዳ ቁልቁለቱ ላይ አዳልጧት ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ስኳር አለባት። ወፍራም ናትና ‹አጥንቷ ጠንካራ ነው› ይሉን ነበር። ወጌሻ አስረናታል። ለምን ተሰበረች? አሁንስ ምን እናድርግ?»

መጀመሪያ እጇን አሁኑኑ ይዩ። ጣቶቿ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፣ ካበጡ፣ ከደነዘዙ፣ ጣቷን ቀስ ብለው ሲዘረጉላት ሕመሙ ከባሰ የታሰረው ቀርከሃና ጨርቅ ደም አግዷልና ወዲያው ተፈቶ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ትሂድ። «እስከ ነገ እንይ» የሚባል ነገር የለም፤ ደም ከታገደ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በአገራችን በጥብቅ እሥር ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ጥቂት አይደሉም። ስኳር ባለባት ሴት ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ነርቯ ከደነዘዘ ማስጠንቀቂያው ሕመም ራሱ ላይሰማት ይችላል። ምልክቱ ባይኖርም ራጅ ትነሣ። እስክትሄዱ ድረስ ቀለበትና አምባሯን አውልቁ፤ ክንዷን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወፍራም ካርቶን ከሥሩ በማድረግ ላላ አድርጋችሁ እሠሩት፤ በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላችሁ እጇ በልቧ ልክ እንዲሆን አድርጉ።

ለምን ተሰበረች ለሚለው፣ ወፍራም መሆን አጥንትን ያከብዳል፤ በዓይነት 2 ስኳር የአጥንት ክብደት ሲለካ ጥሩ ወይም ከመደበኛው በላይ ሆኖ ይገኛል። ሆኖም ይሰበራል። የአጥንት ሲሶ ያህሉ የፕሮቲን ክር ነው፤ ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲኖር በክሮቹ መካከል እየገባ ያጣብቃቸዋል፣ አጥንቱም መታጠፉ ቀርቶ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ይላል። በዚያ ላይ ገንቢ ሕዋሳቱ ስለሚዳከሙ ጥቃቅን ስንጥቆች ሳይጠገኑ ይቀራሉ፤ ስክሌሮስቲን የተባለው፣ አጥንት እንዳይሠራ የሚያዘው የአጥንት ሆርሞንም በዓይነት 2 ስኳር ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ መሣሪያው «ደህና ነው» ቢልም አንዴ ከቁመቷ ብቻ ወድቃ የተሰበረች ሴት እንደ አጥንት ሕመምተኛ ትታይ። በዓይነት 1 ስኳር ደግሞ አጥንቱ ራሱ የሳሳ ስለሆነ የዳሌ ስብራት በብዙ እጥፍ ይበዛል። በገጠር ጎንደር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ከሲታ ወጣቶች እንዳሉ በ2009 የታተመ ጥናት አሳይቷል። አጥንት እስከ 30 ዓመት ገደማ የሚገነባ ስለሆነ ለእነሱ ኢንሱሊን ማቋረጥ አጥንትንም ማቋረጥ ነው።

ቀጥሎ የሚያሰጋን ዳሌዋ ነው። ስኳሯ ከፍ ሲል ሌሊት ሽንት ያመላልሳታል፤ በጨለማ፣ ዓይኗ ሳያጠራ፣ እግሯ ደንዝዞ ትነሣለች። ከመኝታዋ አጠገብ ባትሪና የሽንት መቀበያ አኑሩ፤ ከበሩ ደፍ ላይ ቁርበቱንና ምንጣፉን አንሡ፤ በክረምት ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ከሥሩ ያለቀ ጫማ አታጫሟት። ከወደቀች በኋላ መቆም አቅቷት አንድ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌ ተሰብሯል ማለት ነው፤ አታስነሷት፣ በቃሬዛ አንሡ። ቀዶ ሕክምናው በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሆን ውጤቱ ይሻላል። የምትወስደውን የስኳር መድኃኒት ዝርዝርም ይዛችሁ ሂዱ፤ ፒዮግሊታዞን ካለበት ለሐኪሙ ንገሩ፤ በሴቶች ላይ ስብራት ይጨምራል።

«ስፖርት የአጥንት ሆርሞን ያወጣል ይባላል። ምን ያህል?»

በአይጥ ላይ ሩጫ ኦስቲዮካልሲንን ከፍ እንደሚያደርግና ጡንቻ ስኳር እንዲያቃጥል እንደሚረዳ ታይቷል። ሆርሞኑ ይኑርም አይኑር ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ይስባል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከ2 ቀን በላይ ሳይዘለል፤ ከምግብ በኋላ 10 እና 15 ደቂቃ ብቻም ይጠቅማል። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፣ በ3 ዙር። አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲያርፍበት ነው፤ በዚህ በኩል የጎንደር ዳገት ከየትኛውም መሣሪያ አይተናነስም። ስኳርዎ ከ250 በላይ ሆኖ ማቅለሽለሽ ወይም የሆድ ሕመም ካለ፣ ወይም ዓይንዎ ውስጥ ደም ፈሷል ከተባለ አይሥሩ።

«አባቴ ቤተ ክርስቲያን በባዶ እግሩ ቆሞ ከመጣ ወዲህ አንድ እግሩ አብጧል፣ ይሞቃል፤ ግን ብዙም አላመመውም። የስኳር እግር ቁስል የለውም። ቅባት እንቀባው?»

አትቀቡት፣ አታሹትም። ስኳር ባለበት ሰው ላይ ያበጠ፣ የቀላ፣ የሚሞቅ፣ ግን ብዙ የማያም እግር ሲታይ አንደኛው ጥርጣሬ ሻርኮ የሚባለው የእግር አጥንት ፍርስራሽ ነው። ነርቩ ስለደነዘዘ ትንንሽ ስብራት ሳይሰማው ይራመድበታል፤ አፍራሽ ሕዋሳቱ ያለ ልጓም ይለቀቁና የእግሩ ቅስት እስኪናድ ድረስ አጥንቱን ይበላሉ። መዳፋችሁን በሁለቱም እግሮች ላይ አኑራችሁ አነጻጽሩ፤ በቴርሞሜትር ሲለካ የ2 ዲግሪ ልዩነት ማስጠንቀቂያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራጅ ንጹሕ ሊመስል ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ቢባልም እብጠቱ ካልሄደ ተመልሳችሁ አሳዩ። ሕክምናው እግሩን ከክብደት ማሳረፍ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚያቅፍ ጄሶ ለወራት ይደረግለታል። ትኩሳት ካለ ወይም የተከፈተ ቁስል ካገኛችሁ ኢንፌክሽንም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ወደፊት በቅጥሩ ውስጥ ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ያድርግ፣ ሲመለስ የእግሩን ሥር በመስታወት ይይ። አሁን ግን ሐኪም እስኪያየው ድረስ እግሩን መሬት አታስረግጡት።